ሃያ ጥያቄ ለሟች

ገዳሪፍ ውስጥ ክርስቲያን ሆኖ መኖር አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ክርስቲያን ሆኖ መሞት ነው። በቁምህ ሳለህ የሚያስቆምህ ፖሊስ ነው፤ እሱም የሚፈልገው ወረቀትህን እንጂ ነፍስህን አይደለም። ከሞትህ ግን የምትወድቀው በባንታምላክ እጅ ነው።

ባንታምላክ የራክሻ፣ የባጃጅ ማለቴ ነው፣ መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ሰው ሁሉ ጋሼ ይለዋል፣ እኔም ፊት ለፊቱ ጋሼ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እኔና እናንተ ብቻ ስለሆንን ባንታምላክ ይበቃዋል። የእኛ የኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች መቃብር ኮሚቴ ሊቀ መንበር ከሆነ ሰባት ዓመቱ ነው። የመቃብሩ በር ቁልፍ ከሱቁ ቁልፎች ጋር ቀበቶው ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲራመድ ከሩቅ ይሰማል። ድንጋይ በሚያቀልጥ ሙቀት እንኳ ኮቱን አያወልቅም። ቄሳችን አባ ጸጋብርሃን የሚያድሩባት ክፍል በኮሚቴው ስም የተከራየች ናት፤ ስለዚህ አባም አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት የባንታምላክን ፊት ያያሉ።

ፈተናውን ያመጣው አንድ ስሕተት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ከባሱንዳ በኩል አንድ ሬሳ መጣ። ያመጡት ሰዎች "የእናንተው ነው" አሉ፣ ቀበርነው። በአራተኛው ቀን ወንድሞቹ ከሼካቸው ጋር ደረሱ፤ ለካ ሰውየው ሙስሊም ኖሯል። ተቆፍሮ ወጣ፣ ይቅርታ ተጠየቀ፣ አብረን ሻይ ጠጣንና ተለያየን። ለሁላችንም ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ፣ ለባንታምላክ ግን አላበቃለትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ምእመኑን ሁሉ ሰብስቦ "ከእንግዲህ የማይታወቅ ሰው ሳይፈተን አይቀበርም" ብሎ አወጀ። ሟች አይናገርምና ስለ እሱ ዋስ የሚሆን ሰው ይፈተንለታል ተባለ። ጥያቄውን እንዲያወጣ መምህር ኪዳኔ ተመረጠ።

ኪዳኔን መምህር ብሎ የሾመው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ስልኩ ላይ ስብከት ያያል፣ ያየውን ደብተር ላይ ይገለብጣል፣ ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ እኛን ያርማል። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለችው ሴት ወንድም ሳይሆን አይቀርም። ሃያ ጥያቄ ጻፈ፣ ሱቅ ወስዶ በላስቲክ አስለበጠው፣ ማለፊያውን አሥራ ሁለት አደረገው። ያን ቀን እኔም ጉባኤው ላይ ነበርሁ። ሌላውን ስሰድብ ራሴን እንዳልረሳ፣ እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ፣ አጨብጭቤያለሁም።

እኔ አይናለም ነኝ። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፍ ሥር ሻይ እሸጣለሁ። ሀኪሙም አስታማሚውም ወታደሩም የኔን ሻይ ይጠጣል፣ ስለዚህ ማን እንደገባና ማን እንዳልወጣ ከመዝገቡ በፊት እኔ እሰማለሁ።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት አጋማሽ፣ ረቡዕ ቀን ነው። የሰሊጥ አጨዳው ደርሶ ነበር። ገና ጧት አንድ ልጅ እግር ሰውዬ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እጁ በሰሊጥ ወዝ ጠቁሮ ጣቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየና፦

"እታለም፣ አማርኛ ትሰሚያለሽ?" አለኝ።

"ከማንም በላይ" አልሁት።

"ጓደኛዬ ሞተብኝ።"

አስቀመጥሁት። ሻዩን አልጠጣውም፣ ይዞት ብቻ ተናገረ። ስሙ አየነው ነው። ከጓደኛው ከስንሻው ጋር ከቋራ ተነሥተው በመተማ በኩል ገላባትን ተሻግረው፣ ድንበሩን ታከው ከሚገኙት ትላልቅ እርሻዎች በአንዱ ሰሊጥ ያጭዱ ነበር። ትናንት ገና ፀሐይ ሳትወጣ እባብ ስንሻውን ባቱ ላይ ነደፈው። አየነው ገመድ ፈለገ፣ አጠገቡ አልነበረም፤ የስንሻውን ማተብ ከአንገቱ በጥሶ ከጉልበቱ በታች ጠምዝዞ አሰረለት። ትራክተር እስኪለመን፣ ከዚያ መንገዱ እስኪገፋ ቀኑ አለቀ። እዚህ ሲደርሱ የሆስፒታሉ ሰዎች ማተቡን በመቀስ ቆርጠው ጣሉት፤ ስንሻውም ብዙ አልቆየም።

"እና አሁን ምን ቸገረህ?" አልሁት። እንዲህ ነው የኔ ማጽናናት።

ሆስፒታሉ የሰጠውን ወረቀት አወጣ። አረብኛውን አነበብሁለት። ሟች፦ እስማኤል። አምጪ፦ ዑመር።

"ወኪሉ ነው" አለ። "ባምና ሠራተኞች ስም የወጣ የሥራ ፈቃድ አለው። የሰዎቹን ስም ለኛ ያድለናል። እኔን ዑመር፣ እሱን እስማኤል አለን። ኬላው ላይ የሚጠራን በዚያ ነው።"

የእርሻ ወኪሎች ስምን እንደ ቱታ ሲያለብሱና ሲያወልቁ ኖረዋል፣ አዲስ ነገር አልነበረም። ችግሩ ሬሳ ልብሱን መቀየር አለመቻሉ ነው። ሆስፒታሉ መብራት ከጠፋበት ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ እስከ ከሰዓት በኋላው የዓስር ሶላት ድረስ ካልተወሰደ የሰፈሩ መስጊድ ሰዎች ወስደው ይቀብሩታል ብለውታል። ሰዎቹ ከፈኑን ይዘው ከበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዱን ሽማግሌ ሄጄ አነጋገርሁት። "ሰው አለው ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። አለው፣ ክርስቲያን ነው አልሁት። "እንግዲያ እንጠብቃለን፣ ካልሆነላችሁ ግን ፀሐይ ላይ አትተዉት" አለና ወደ ጥላው ተመለሰ።

አየነውን "እነሱም እኮ በክብር ይቀብሩታል" አልሁት። ልፈትነው ፈልጌ አይደለም፤ ወደ ባንታምላክ መሄዱ ከወዲሁ ስለደከመኝ ነው።

"ክብሩን አላጣሁትም እታለም። እናቱ ሌላ ልጅ የላትም። ስንወጣ ደጅ ድረስ ሸኝታን፣ እጄን ይዛ 'ቢሞትብህ እንኳ ሳይፈታ እንዳይቀበር' አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም። ገንዘብ ላክልኝ እንኳ አላለችም።"

ሳይፈታ ማለቷ ያለ ፍትሐት ነው፤ ቄስ ሳይጸልይለት፣ ከኃጢአቱ ሳይፈታ። የኛ አገር ሰው ልጁ መሞቱን ይችለዋል፣ ሳይፈታ መቀበሩን ግን አይችለውም። የእናትየውን ስም ጠየቅሁት፤ ውባየሁ ትባላለች። ሊደውልላት ስንት ጊዜ ሞክሯል፣ ነገር ግን በቋራ በኩል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ኔትወርክ ለሳምንታት ይጠፋል። ሻዬን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ራክሻ ጠራሁና ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዤው ሄድሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተሟላ። ኮሚቴው ማለት ባንታምላክና ኪዳኔ ናቸው፤ አባ ጸጋብርሃን ጥግ ላይ በርጩማ ተሰጥቷቸዋል። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፣ ያቃጥላል። ባንታምላክ ኮቱን እንደለበሰ ከጠረጴዛው ኋላ ተሰየመና በላስቲክ የተለበጠውን ወረቀት ከፊቱ ዘረጋው።

"ስም?" አለ።

"የኔ ነው የሱ?"

"የዋሱ። ያንተ።"

"አየነው።"

"ወረቀቱ ዑመር ነው የሚለው።"

"እሱም እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።"

ኪዳኔ ቀዩን እስክሪብቶ ከፈተ። ባንታምላክ የሟቹ ማተብ የት እንዳለ ጠየቀ። አየነው ያለውን ሁሉ፣ ምንም ሳይደብቅ፣ ማተቡን እግሩ ላይ እንዳሰረው ነገረው። የዚህ አገር ሰው ያልዋሸ እንደሆነ ወዮለት። ሁለቱ ተያዩና ሬሳው ሆስፒታል ተዘርግቶ ሳለ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ማተብ ተከራከሩ። ኪዳኔ ማተብ የአንገት እንደሆነ፣ እግር ላይ ማሰር ደግሞ ንቀት እንደሆነ ተናገረ። ባንታምላክ ንቀቱ የሟቹ ነው ወይስ የዋሱ የሚለው በቃለ ጉባኤ መለየት አለበት አለ።

"ጋሼ፣ እባቡ አንገቱን አልነደፈውም" አልሁ።

"አንቺ ታዛቢ ነሽ፣ ወይዘሮ አይናለም። ታዛቢ አይናገርም።"

ከዚያ ፈተናው ተጀመረ። መጽሐፍ ቅዱስ ስንት መጻሕፍት አሉት? አየነው ጥቂት አሰበና "እኔ እንኳ ማንበብ አልችልም፤ ቄሱ ሲያነቡ እሰማለሁ። ብዙ ናቸው" አለ። ዜሮ። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ዘርዝር። አላወቃቸውም። ኪዳኔ ራሱ እያየ ዘረዘረለት፣ ሦስተኛውን አልፎ አራተኛው ላይ ገባ፣ ተመለሰ። ማን ያርመዋል? ጌታን ያጠመቀው ማን ነው? ዮሐንስ። አንድ። የኖኅ ልጆች ስንት ናቸው? ሦስት። አንድ። ደግሞ ባንታምላክ ጮክ ብሎ አነበበ፦

"አራቱን ወንጌላውያን በቅደም ተከተል።"

አየነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። "እነሱን አውቃቸዋለሁ። ዘንድሮ ማቴዎስ ነው። እኔ የተወለድሁት በማርቆስ ነው። ካቻምና በሉቃስ የስንሻው አባት ሞቱ፣ ጳጉሜ ስድስት የሆነ ጊዜ። አምና በዮሐንስ ሰሊጡ ጥሩ ነበር።"

"ወንጌል የጻፉትን ነው የጠየቅንህ እንጂ ዘመን ቁጠር አላልንህም" አለ ኪዳኔ።

"አይ፣ እነሱው ናቸው።"

"ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። ግማሽ።"

እኔ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አንድ ሰው ዕድሜውን፣ ሞቱንና ሰብሉን በወንጌላውያን ስም ቆጥሮ ሲኖር፣ ያንን ስልክ ላይ የተማረ ሌላ ሰው ግማሽ ይሰጠዋል። ደሜ ፈላ። ግን ታዛቢ ነኝ፤ አጨብጭቤ ያጸደቅሁት ሕግ ነው።

ሰባቱን አጽዋማት ጠየቁት። ዓቢይ ጾም፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ገሃድ፣ ረቡዕና ዓርብ ብሎ ቆጠረና ነነዌን ረስቶ "ጽጌ" አለ።

"ጽጌ የፈቃድ ነው። ከሰባቱ አይቆጠርም" አለ ኪዳኔ፣ እስክሪብቶውን እያነሣ።

"ስንሻው ይጾመው ነበር" አለ አየነው። "ኧረ ተው፣ ይህ በረሃ ነው እያልሁት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ውኃ እንኳ አይቀምስም ነበር። የተነደፈ ዕለትም ጾም ውሎ ነው የሞተው።"

"ጥያቄው ስንሻው ምን ይጾም ነበር አይደለም። ጥያቄው ሰባቱ እነማን ናቸው ነው።"

አሥራ አምስተኛውን ጥያቄ ግን፣ የጻፈው ኪዳኔም ሳያስተውል፣ ባንታምላክ አነበበው። "በበረሃ እባብ የነደፋቸው እስራኤላውያን በምን ዳኑ?"

አየነው ቀና አለ። ዓይኑ ተከፈተ።

"ዳኑ እንዴ?" አለ።

"ምን አድርጎላቸው ነው የዳኑት?" አለ እንደገና፣ ወደ ኪዳኔ ተጠግቶ። "ምን ቀብቶላቸው ነው? እኛ እንደሆነ አላወቅንም፤ እኔ ማተቡን አሰርሁ፣ አፌን አድርጌ መጠጥሁለት። ምን ነበር ማድረግ የነበረብኝ?"

ይህን ያለው ከልቡ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ከተጠየቀው ሁሉ ሊያውቀው የፈለገው ይህን ብቻ ነበር። ኪዳኔ ግን ወረቀቱን ተመልክቶ "የናስ እባብ፣ ዘኍልቍ ሃያ አንድ" አለና ጥያቄን በጥያቄ መመለስ አይቻልም ብሎ ዜሮ ጻፈ።

ይኼኔ አባ ጸጋብርሃን ከጥጉ ተነሡ። ደቃቃ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም በትግራዩ ጦርነት ሸሽተው በካምፕ አልፈው የመጡ ናቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸው አይወጣም። "ጦቢት" አሉ፣ "በሰው አገር ሜዳ ላይ የተጣለውን ሬሳ ሁሉ እየሰበሰበ ይቀብር ነበር። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ ነው፣ መምህር። ሲቀብር ጥያቄ የጠየቀ አይመስለኝም።"

"ጦቢት ኮሚቴ አልነበረውም፣ አባታችን" አለ ባንታምላክ።

አባ ፊቱን አዩና ተቀመጡ። ተናደድሁባቸው፤ ከባንታምላክ ይልቅ በእሳቸው። መስቀል የያዘ ሰው ቁልፍ የያዘን ሰው ሲፈራ ማየት ያማል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ውጤቱ ስምንት ተኩል ነበር፤ የቀረው ሃያኛው ጥያቄ ብቻ ነው። እሱን ግን ባንታምላክ ለአባ ተወላቸው፤ የቄስ ሥራ ነውና።

"ወደይ፣ ልጄ፣ ክርስትና ስሙ ማን ነው?" አሉት አባ። ለፍትሐት የሚያስፈልጋቸው ይህ ብቻ ነው። ሟች በእግዚአብሔር ፊት የሚጠራው እናቱ ባወጣችለት ስም አይደለም፣ በተጠመቀበት ስም ነው።

አየነው አንገቱን ደፋ። "አላውቀውም አባ። እንኳን ለኔ ለማንም አይናገርም ነበር። እናቱ ደብቃ ነው ያሳደገችው።"

በዚህ ማንም ሊፈርድበት አይገባም ነበር። በኛ አገር ክርስትና ስምን እናትና የንስሐ አባት ያውቁታል፣ ሌላው አያውቀውም። ስሙን ያገኘ መተተኛ ሰውየውን ያስረዋል ተብሎ ይፈራል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበርነው ሁሉ የየራሳችንን ደብቀን የምንኖር ነን። የባንታምላክን ክርስትና ስም ሚስቱ የምታውቀው አይመስለኝም።

"ኸላስ፣ በቃ" አለ ባንታምላክ። ወረቀቱን አጠፈው፣ ማለት ሊያጥፈው ሞከረ፣ ላስቲክ ነውና አልታጠፈም። "ወድቋል። ክርስትና ስም ከሌለ ፍትሐት የለም። የመስጊዱ ሰዎች ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ይቅበሩት።"

"እናቱን ምን ልበላት?" አለ አየነው።

"እግዚአብሔር ያውቃል በላት" አለ ኪዳኔ።

እግዚአብሔር የሚያውቅ ከሆነ ከቀትር ጀምሮ ሲፈተን የዋለው ማን ነበር? ተነሣሁ።

"እኔ አውቀዋለሁ" አልሁ።

ሁሉም ዞሩ። አየነውም።

"ስንሻው የእህቴ የውባየሁ ልጅ ነው። አክስቱ ነኝ።"

ባንታምላክ ዓይኑን አጠበበ። "ከቀትር ጀምሮ እዚህ ተቀምጠሽ ምነው ዝም አልሽ?"

"ማን ጠየቀኝ? ለሱ ሃያ ጥያቄ ጠየቃችሁት፤ እኔን ታዛቢ ነሽ አትናገሪ አላችሁኝ። ደግሞስ ክርስትና ስም አደባባይ ላይ የሚዘራ ነው? አንቱ የራስዎን እስቲ እዚህ ይናገሩት።"

ባንታምላክ ኮቱን አስተካከለ። አባ ጸጋብርሃን ተጠግተውኝ ጆሯቸውን ሰጡኝ፣ እንደ ሥርዓቱ።

ማንኛውንም ስም ማለት እችል ነበር። የቅዱሳኑ ስም ሞልቷል። አፌ ላይ የመጣው ግን አንድ ብቻ ነው፣ አርባ ዓመት ለማንም ያልተናገርሁት።

"ክንፈ ገብርኤል" አልሁ።

የወንድሜ ነው። በሰባ ሰባት ድርቅ እናቴ፣ እኔና እሱ ከጎንደር ቆላ ወደዚህ ስንመጣ መንገድ ላይ ሞተ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ እሱ ስድስት። ያን ቀን እናቴ ክርስትና ስሙን ነገረችኝ፤ "ቄስ ካገኘሽ አስፈቺው" አለችኝ፣ ቀጥላም እሷ ካምፕ ውስጥ ሞተች። ቄስ አላጣሁም። በገዳሪፍ ስንት ቄስ መጣ፣ ስንት ቄስ ሄደ። መጀመሪያ ልጅ ነበርሁ፣ ኋላ ሥራ በዛብኝ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈርሁ። ባንታምላክን እንዲህ የምሰድብ ሴት፣ ለወንድሜ ፍትሐት አንዲት እሁድ ነፍጌው ኖርሁ።

ከዚያ ሁሉም ነገር እንደ ውኃ ፈሰሰ። ደንብ ቁጥር ስድስት ነበር ለካ፤ የሥጋ ዘመድ ቀርቦ ክርስትና ስም ከተናገረ ፈተናው ይቀራል። ያን ሁሉ ሰዓት የፈጀው ነገር በአንድ ውሸት ቀረ። ኪዳኔ ቅር አለው፣ ውጤቱን በቀይ ሊያሰፍር ነበር። ባንታምላክ ግን የሚፈልገው ባዶው ቦታ እንዲሞላ ነው፤ ስሜን በዘመድነት በወፍራም ጽፎ ፈረመ። ሆስፒታሉ በር ላይ የመስጊዱ ሽማግሌ ከፈኑን ለአየነው ሰጠው። "ጨርቅ ነው፣ ተጠቀሙበት" አለው። ሬሳውን ከኛ ጋር አንሥተው መኪናው ላይ ያወጡትም እነሱ ናቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀበርነው። አባ ጸጋብርሃን በኮሚቴ ፊት ያልወጣ ድምፃቸው መቃብሩ ላይ ወጣ። "ነፍሰ ገብርከ ክንፈ ገብርኤል" ባሉ ቁጥር አለቀስሁ፣ ጮኼ አለቀስሁ። "አክስት ናት፣ ምን ታድርግ" አለ ባንታምላክ ለሰዉ። አየነው ግን አጠገቤ ቆሞ አያለቅስም ነበር፤ እንግዳ በሆነ ስም ጓደኛው ወደ ጉድጓድ ሲገባ ያይ ነበር። ያኔ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ። ያን ሁሉ መከራ ያየው ስንሻው እንዲፈታ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፍትሐቱን ከላዩ ላይ ወስጄ ለራሴ ሟች ሰጠሁበት። ወኪሉ እስማኤል አለው፣ እኔ ክንፈ ገብርኤል አልሁት። ከወኪሉ በምን እሻላለሁ?

በሳምንቱ እሁድ ባንታምላክ እኔን የኮሚቴ አባል ለማድረግ ሐሳብ አቀረበ። "ሥርዓት የምታውቅ ሴት" አለኝ። አጨበጨቡ። እጄን ለመቃወም ሳላወጣ ተመረጥሁ።

አየነው ወደ እርሻው አልተመለሰም። እኔው ዘንድ እያደረ ቀን ቀን ውኃ ይቀዳልኛል፣ ስልኩን ይሞክራል። ስለ ስሙ አንድም ቀን አላነሣብኝም፣ እኔም አላነሣሁም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እኔ ብርጭቆ እያጠብሁ ሳለ፣ ስልኩ ያዘለት። የመንደሩ ባለ ስልክ እናትየውን ጠራለት። ለቅሶዋ ስልኩን አልፎ ተሰማኝ። ብዙ አለቀሰች።

"አስፈታችሁት?" አለች።

"አስፈትተነዋል።"

"በማን ስም?"

አየነው አየኝ። ስልኩን አቀበለኝ። እጄ አረፋ እንደሆነ ተቀበልሁት። መዋሸት እችል ነበር፣ ለምዶብኛል። አልቻልሁም። ሁሉንም ነገርኋት፣ ሃያውን ጥያቄ፣ ማተቡን፣ አክስቱ ነኝ ማለቴን፣ የማንን ስም እንደሰጠሁ። ስጨርስ ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ወንድምሽ ተፈትቶ አልነበረም?" አለች።

"የለም፣ እናቴ። መንገድ ላይ ነው የሞተው።"

"ስንት ዓመቱ ነበር?"

"ስድስት።"

"አዪ" አለች። ቀጥላም "የልጄን ስም አልነግርሽም፣ እንዳትቀየሚኝ። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ነገ ለንስሐ አባቱ ነግሬ እዚሁ ደብራችን ላይ አስፈታዋለሁ። እግዜር ልጄን አይስተውም፤ በየትም ስም ጥሩት፣ ያውቀዋል" አለችኝ።

"ይቅር ይበሉኝ።"

ይቅር ብየሻለሁም አላለችኝም፣ አልልሽምም አላለችኝም። "ወንድምሽን የት ነው የቀበራችሁት?" አለች።

የኪዳኔን ሃያ ጥያቄ እስከነ መልሱ በቃሌ ይዤዋለሁ። ይህችን ግን መመለስ አቃተኝ።

"አላውቅም" አልሁ። "አንድ ግራር ሥር ነበር። ሰው ይቸኩል ነበር። የት እንደሆነ አላውቅም።"

"እንግዲህ አሁን አወቅሽ" አለችኝ። "ገዳሪፍ ነው፣ ከልጄ ጋር። ሰው ሲጠይቅሽ ገዳሪፍ ነው በይ።"